የእትዬ ሌይታንጊ «ገና ነው»

በዚህ ውቅያኖስ ላይ ሰው የሚኖርባት ደሴት ሁሉ፣ «አለቀ» ሲባል የማይዋጥለት አንድ ሰው አላት። ደሴቲቱ የቱንም ያህል ብታንስ፣ በዚህ ዳር ላስነጠሰው በዚያኛው ዳር «ይማርህ» የሚባልባት ብትሆን እንኳ፣ ይህ ሰው አይታጣም። ስብሰባው ተበተነ ሲባል እጁን ያወጣል። ለቅሶው በቃ ሲባል እሱ ገና ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጀልባ ገመዷን ፈትታ ስትወጣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ የረሳውን መልእክት ይናገራል። የሰው ልጅ ከዚህ ሰው ጋር አብሮ መኖርን የለመደው ወዶ አይደለም፤ ደሴት ላይ የት ይኬዳል?

እንግሊዝና ፈረንሳይ ባንድ አልጋ ላይ ሆነው፣ ብርድ ልብሱን እየተጓተቱ ሲገዙን ኖሩ። ባንዲራቸውን አጣጥፈው ሲሄዱ ብዙ ነገር ትተውልን ነው የሄዱት፤ ዳቦውን፣ መዝሙሩን፣ የመንገድ ቀኙንና ግራውን። ከሁሉ የበረከተችው ግን አንዲት የእንግሊዝ ቃል ነች፤ «ፊኒስ»። እኛ ዘንድ ሩዝ ሲያልቅ ፊኒስ ነው። ጀልባ ካመለጠህ ፊኒስ። ከሥራ ተባርረህ ከቪላ ከተማ ስትመለስ ፊኒስ። ያጨሃት ልጅ ሌላ ካገባች ያው ፊኒስ ነው፤ ጓደኞችህ ትከሻህን መታ መታ አድርገው ካቫ የሚባለውን፣ ከሥር የሚጨመቀውን መጠጥ ይቀዱልሃል። ድንች ሲበስልም ፊኒስ፤ በሽተኛ ሲያርፍም ፊኒስ። እንዲያውም ሰው ሞተ ብለን ብቻ አንተወውም፤ «ሞተ ፊኒስ» እንላለን፣ ተመልሶ እንዳይነሣ በምስማር የምንመታው ይመስል።

ክብርት እመት ሌይታንጊ፣ የሟች ታላቅ ወንድሜ የካልማታክ ሚስት፣ የዚህች ቃል ጠላት ሆነው ተፈጠሩ። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ዋርሳዬ ይሉኛል። በኛ አገር ዋርሳና ዋርሳ ቢዘላለፍ ያምርበታል እንጂ አይቀያየምም። ስለዚህ እዚህ የምለውን ሁሉ ፊት ለፊታቸው ብዬዋለሁ፤ ከኔ የባሰ መልስም ጠጥቻለሁ።

የሱቁ ባለቤት «ሩዝ ፊኒስ» ሲላቸው «ገና ነው» ብለው ባንኮኒውን ዞረው ይገባሉ። ጆንያውን ገልብጠው ያራግፉታል። ከስፌቱ መሐል የምትወርደውን፣ ጭብጥ የማትሞላ ሩዝ በቀሚሳቸው ጫፍ ቋጥረው «ውሸታም» ብለውት ይወጣሉ። ባለሱቁ አሁን አሁን ሩዝ ባለቀበት ቀን እሳቸው ከሩቅ ሲመጡ ካየ፣ ሱቁን ቆልፎ ዓሣ ሊያጠምድ ይሄዳል።

ፓስተራችን «አሜን» ሲሉ፣ እትዬ ሌይታንጊ ከኋላ ወንበር አንድ መዝሙር ያነሣሉ። ፓስተሩ ደግ ሰው ናቸው፤ አብረው ይዘምራሉ። ከዚያ እንደገና «አሜን» ይላሉ። እትዬ ደግሞ የታመሙ ሰዎች ስም አልተጠራም ይላሉ። የታመሙት ሲጠሩ፣ ሊታመሙ የሚችሉትም ይቀጥላሉ። እሑድ እሑድ በድንጋይ ላይ የተጋገረው ምሳችን የሚያርርብን ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ከጎረቤት ደሴት ልጆች ጋር ኳስ ገጥመን አንድ ለባዶ እየተመራን ሳለ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ። እትዬ ሌይታንጊ ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ሜዳው መሐል ገቡ። ዳኛው ሰዓቱን አሳያቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼ ያንተ ሰዓት ነው፤ የኛ ገና ነው» አሉት። ሰውዬው ወደ አገሩ የሚመለስበት ጀልባ የኛ መሆኑን አስታውሶ መሰለኝ፣ አስቀጠለ። ሁለት ተጨማሪ ገባብን።

አይ፣ ልክ የሆኑባቸው ቀኖችም አሉ፤ መደበቅ አልችልም። የአንዱ ቤት አሳማ የሌላው ቤት እርሻ ውስጥ ገብቶ ድንቹን ቆፍሮ ጨርሶት፣ ሁለት ቤተሰብ ቆንጨራ ሊማዘዝ ደርሶ ነበር። አለቃችን ታሪፖአ ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው፣ ምንጣፍ አስለዋውጠው፣ እጅ ለእጅ አጨባብጠው «ፊኒስ» አሉ። ሰው ሁሉ ሊነሣ ሲል እትዬ «ገና ነው» አሉና እርሻውን ማን እንደተከለው ጠየቁ። የተከለችው ከዳር የተቀመጠች አንዲት ምራት ነበረች፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። እንባዋ እስኪወጣላት ተናገረች። መሽቶ ነው የተበተንነው፤ ሁሉም እትዬን እየረገመ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ጠብ ግን እስከ ዛሬ ተመልሶ አልተነሣም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ እትዬን ያስጠላንም፣ ያስፈራንም ያ ነው።

ወንድሜ ካልማታክ በሳንባ በሽታ ነው የሞተው። በኛ ሥርዓት ትልቅ ሰው ሲሞት ሚስቱ ሁለት ነገር ታደርጋለች። ከሱ ቦታ አንዱን መርጣ የናሜሌ ቅጠል ትተክልበታለች፤ ያ እንደ ዘንባባ የተሰነጣጠቀ ቅጠል ከቆመበት ቦታ ማንም ቅንጣት አይነካም። ከምግብ ደግሞ አንድ የምትወደውን ትተዋለች። የሐዘኑ መጨረሻ ድግስ ሲደረግ፣ የተወችውን ምግብ ሰው ፊት ትበላለች፤ በልታ ስታበቃ ቅጠሉን በገዛ እጇ ትነቅላለች። ሌላ ሰው አይነቅለውም። አለቃ ቢሆን፣ ፓስተር ቢሆን፣ ከቪላ ፖሊስ ቢመጣ አይነቅለውም። የተከለችው እጅ ብቻ ነው የሚነቅለው።

እትዬ ሌይታንጊ ቅጠሉን የተከሉት ደጃችን ካለው ባሕር ውስጥ፣ ዓሣ የሚጠለልበት የኮራል ድንጋይ ላይ ነው። የመንደሩን ጓዳ ዘጉት ማለት ነው። የተዉት ምግብ ደግሞ ዓሣ ነው።

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ በለቅሶ መሐል አፌን ይዤ ነው የቀረሁት። እትዬ ሌይታንጊ ዓሣ ሲበሉ ያላየ ሰው ጉዳዩ አይገባውም። «ሥጋውንማ ሕፃንም ይበላዋል» ይላሉ፤ የሳቸው ድርሻ ጭንቅላቱ ነው። ጉንጩን፣ ዐይኑን፣ ከመንጋጋው ሥር ያለችውን ስብ፣ ሁሉን በየተራ ይመጥጣሉ፤ ከንፈራቸው ሲጮህ ከጎረቤት ይሰማል። በዚህ መንደር ዓሣ በመውደድ ከሳቸው ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ። አንድ ጭንቅላት ላይ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። እና እኚህ ሴት ናቸው ዓሣ የተዉት።

መቶኛው ቀን ደረሰ። እኛ የሟች ዘመዶች ያሳደግነውን ጢም ተላጨን፤ አሳማ ታረደ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ። አለቃ ታሪፖአ ተነሥተው «ሐዘኑ ፊኒስ» አሉ። የተጠበሰው ዓሣ እትዬ ፊት ቀረበ። እትዬ ዓሣውን አዩት፤ ምራቃቸውን ዋጡ፤ «ገና ነው» አሉ። ከቪላ ያልመጣ የባለቤቴ ዘመድ አለ አሉ።

የሚቀጥለው የድንች መከር ዘመድየው መጣ። ምንጣፉ አንሷል አሉ። በሚቀጥለው ምንጣፉ ሞላ፤ አሳማው ጥርሱ ገና አልተጠማዘዘም፣ ለካልማታክ አይመጥንም አሉ። ዓመት ዓመትን ወለደ። እኛ ዓሣ ፍለጋ ደሴቲቱን ዞረን ነፋስ የሚመታውን ዳርቻ ለመድን፤ ታንኳችን ተሰበረ፣ እግራችን ቆሰለ። መንገድ ላይ እትዬን ስናገኛቸው ፊታችንን እናጠቁራለን። እሳቸው ደረቅ ድንቻቸውን ነክሰው «እንዴት አደራችሁ» ይሉናል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኳቸው አንድ ቀን። «ወረቀትስ ይዤ አላውቅም፤ ሞኙን ግን አግብቼው ነበር፤ ወንድምህ ነው» አሉኝ።

የአለቃ ታሪፖአ የእኅታቸው ልጅ ካልሶንግ አውስትራሊያ ፖም ለቅሞ ሲመለስ ጥቁር መነጽርና አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሐሳቡ ከቪላ የሚመጣ ነጋዴ ነው። ነጋዴው የሚፈልገው የባሕር ኪያር የሚባለውን፣ ከባሕር ወለል ላይ ተጋድሞ የሚውለውን ሻካራ ፍጥረት ነው። እኛ አንበላውም፤ ሩቅ አገር የሚበላው ሰው አለ አሉ። የኛ ደጅ ባሕር ተዘግቶ በመክረሙ ፍጥረቱ እንደ አሸዋ በዝቷል። ነጋዴው ጠላቂዎች ከነአየር ጋናቸው ያመጣል፣ ባንድ ሳምንት ይጠራርገዋል፤ በምትኩ አውሎ ነፋስ የገነጠለውን የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይሠራል፣ ለመንደሩም የጀልባ ሞተር ይሰጣል። ካልሶንግ ክፉ ልጅ አይደለም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እናቱ ጸሎት ላይ ስትበሰብስ አይቷል።

ነገሩ ናካማል ቀረበ፤ ወንዶች ማታ ማታ ካቫ የምንጠጣበት ቤት ነው። ካቫ ሲጠጣ ሴት አትገባም። እትዬ ሌይታንጊ አልገቡም፤ ሥርዓት ያከብራሉ። ደጁ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ምንጣፋቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ድምፃቸው ግን ገባ።

ካልሶንግ በትሕትና ጀመረ። ሰውዬው ከሞተ ዘመን አለፈው፣ ሕያዋን ደግሞ ጣሪያ ያስፈልጋቸዋል፣ እባክዎ አሁን ፊኒስ ይበሉልን አለ።

«ሰውዬው ስም አለው» የሚል ድምፅ መለሰለት ከውጭ።

አለቃ ታሪፖአ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሐዘን ልክ አለው፣ ሥርዓቱም እንዲህ አይልም አሉ።

እትዬ ያለወትሯቸው ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ። «ታሪፖአ፣ ካልማታክ ሊሞት ሲል የለመነው ነገር ምን ነበር? የዓሣ መረቅ ነው። ከደጄ ባሕር የተያዘ ዓሣ አምጡልኝ አለ። አንተም ጠለቅህ፣ ዋርሳዬም ጠለቀ። ቀኑን ሙሉ ጠልቃችሁ ይዛችሁልኝ የመጣችሁት መዳፌን የማትሞላ አንዲት ዓሣ ነበረች። ቀቀልኳት። ቀመሰና የድንጋይ ውሃ ነው አለኝ። ባሌን የጨረሰው ሳንባው ነው፤ አልወቅሳችሁም። ባሕሩን የጨረስነው ግን እኛ ነን፣ እኔም ጭንቅላቱን ስመጥጥ ኖሬያለሁ። ለሚሞት ሰው አንድ ሳሕን መረቅ ያጣ ደጅ ላይ ድግስ አላደርግም። አሁን ገና መሙላት ሲጀምር ልትጠርጉት ነው። ገና ነው።»

እኔ የካቫ ኩባያዬን ቁልቁል አየሁ። ያችን ዓሣ የያዝኳት እኔ ነበርኩ፤ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ እንደ ልጅ እየሮጥኩ ነው የወሰድኳት። ቢሆንም ወግኜ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ጣሪያ ጣሪያ ነው፣ ዓሣም ዓሣ ነው።

ካልሶንግ አልተወም። ሴትየዋ ዓሣ ከቀመሱ ሐዘኑ አለቀ ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ መቅመሳቸውን ይወቁት አይወቁት ሥርዓቱ አልተናገረም። በቤተ ክርስቲያን ግብዣ ቀን ላፕላፕ አስጋገረ፤ ድንቹ ተፍቆ፣ የኮኮናት ወተት ፈስሶበት፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በጋለ ድንጋይ የሚበስለውን። ከመሐሉ የተፈተፈተ ዓሣ ቀበረበት። የእትዬን ድርሻ ራሱ ተሸክሞ አምጥቶ በጉልበቱ ተንበረከከ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ» አላቸው።

እትዬ ቅጠሉን ገለጥ አደረጉና ቁልቁል አሸተቱ። ለዓሣ የነበራቸው አፍንጫ በጾም ብዛት የውሻ አፍንጫ ሆኗል። «በሞትህ አይደለም ልጄ፤ በሞቴ ነው የፈለግኸው» አሉትና ላፕላፑን ለአለቃው ውሻ ወረወሩለት። ውሻው ሐዘን ላይ አልነበረም፤ ጠራርጎ በላ። መንደሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ካልሶንግም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ያቺን «በሞቴ» ግን ሰው በኋላ ሲያስባት ቀዘቀዘ። ምክንያቱም እውነት ነበረች። ቅጠሉን የተከለች ሴት ከሞተች ቅጠሉ አብሯት ይወድቃል፤ እሷ በተቀበረች ቀን ባሕሩ ይከፈታል። ካልሶንግ ይህን ያውቃል፤ ለነጋዴውም ነግሮታል። እና የዚያን ዓመት የብርዱ ወራት ሲገባ እትዬ ሌይታንጊ ማሳል ጀመሩ።

ኧረ ምን ዓይነት አሳቢ መንደር ሆንን መሰላችሁ። በሕይወታቸው ዞር ብሎ ያላያቸው ሰው ሁሉ በደጃቸው ማለፍ ጀመረ። እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብ ይወስዳል ወይ፣ ሳሉ ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው? ነጋዴው ከቪላ ሻይና ብስኩት ላከ። እትዬ ሻዩን ጠጡ፣ ብስኩቱን ለልጆች አደሉ፤ ሲያስላቸው ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይሉ ነበር፤ ካልማታክም እንዲያ ያደርግ ነበር።

አንድ ጧት በአለቃው በኩል አስነገሩ። ቅዳሜ ዓሣ እበላለሁ፤ ሰው ይጠራ፤ ነጋዴውም ይምጣ።

መንደሩ እልል አለ። እኔ እልል አላልኩም። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም፤ እኔ ነኝ ስንት ዓመት ያጉረመረምኩት። ቤታቸው ስሄድ ለምንጣፍ የሚሆን ቅጠል እየሰነጠቁ አገኘኋቸው። እውነት ነው ወይ አልኳቸው። «ደክሞኛል ዋርሳዬ» አሉኝ። እትዬ ሌይታንጊ ደከመኝ ሲሉ ከተወለድኩ ሰምቼ አላውቅም። ተነሥቼ ሄድኩ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሰው አላናገርኩም፤ የተሸነፍኩት እኔ ነበር የሚመስለኝ።

ቅዳሜ የነጋዴው ጀልባ ከቅጠሉ ባሻገር መልሕቋን ጥላ ቆመች። ጠላቂዎቹ የአየር ጋናቸውን አሰልፈው ጎማ ልብሳቸውን እስከ ወገባቸው ለብሰው ተቀምጠዋል። ካልሶንግ ከጥልቁ ባሕር የተያዘ ቀይ ዓሣ፣ የክንድ ርዝመት ያለውን፣ በእጁ ጠብሶ በሙዝ ቅጠል ላይ አጋድሞ አቀረበ። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ አድርጎ ጠብሶታል።

እትዬ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ተቀመጡና፣ ወጣቶቹ ሥርዓቱን አያውቁትምና መጀመሪያ ልንገራቸው አሉ። እኔ ከበላሁ ሐዘኑ አበቃ፤ ሄጄ ቅጠሌን እነቅላለሁ። ጣቴ ዓሣውን ከመንካቱ በፊት ግን ከሟች ደም የሆነ ሰው ሌላ ቅጠል ከተከለ፣ የተዘጋው የሱ ነው፤ የተውኩትንም ምግብ በኔ ፋንታ እሱ ይተወዋል። እንዲህ ነው ወይ ታሪፖአ?

አለቃው እንዲህ ነው አሉ። በአባቴ ዘመን አንድ ጊዜ ተደርጎ ነበር አሉ። ካልሶንግ መቼስ ይሁን ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዛሬ ልጅ ማን ዓሣ ይተዋል?

ከዚያ እትዬ እጃቸውን ታጠቡ። ሳሙና አምጡ አሉና እንደገና ታጠቡ። ጸሎት ጀመሩ። ለመንደሩ፣ ለደሴቶቹ ሁሉ በየስማቸው፣ ለመንግሥት፣ ለሄዱት ለሁለቱ መንግሥታትም ጸለዩ። አሜን ሲባል ሎሚ ጠየቁ። ሎሚው መጣ፤ ጨው የለም አሉ። ጨው መጣ፤ የዓሣው ራስ ወደ ባሕር አልዞረም አሉ፤ ካልሶንግ ጥርሱን ነክሶ አዞረላቸው። ነጋዴው ሰዓቱን አየ። ውሃው እየሸሸ ኮራሉ ራሱን ብቅ አድርጓል። እትዬ ካልማታክ መጀመሪያ ሲያጫቸው ምን ዓይነት ዓሣ ይዞ እንደመጣ ማውራት ጀመሩ፤ ዓሣው የት እንደተያዘ፣ በምን መንጠቆ፣ ማን ታንኳ እንዳዋሰው።

ሰው ማዛጋት ጀመረ። እኔ ግን እትዬን አውቃቸዋለሁ። ስብሰባ ሲያራዝሙ ክርክር ያነሣሉ እንጂ ዝም ብሎ ጨው አይጠይቁም። እኚህ ሴት ሰው እየጠበቁ ነው አልኩ በልቤ። ማንን? ካልማታክ ልጅ አልወለደም። እኅታችን ሞታለች። የቪላው ዘመድ አልመጣም። ከሟች ደም እዚህ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?

ለካ እኔን ነው።

አንድ ጊዜ እንኳ ወደኔ አላዩም። አልለመኑኝም፤ ለምነው አያውቁም። ከፊቴ ደግሞ ያ ዓሣ ቆዳው ተሰንጥቆ ስቡ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ አሁን ስልሳን አልፌያለሁ። ሚስት የለኝም፤ ካቫና ዓሣ ነው ያለኝ። ፓስተሩ ሰማይ ቤት ዓሣ መኖሩን አላረጋገጡልኝም። እና ተነሣሁ።

«የት ነው?» አለ ካልሶንግ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሽንቱ መጥቶበት ይሆናል አለው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የናሜሌው ዛፍ አለ። አንድ ቅጠል ቆረጥኩ፤ አጥር ላይ ካለ እንጨት ጋር አሰርኩት። ተመልሼ በሰዉ መሐል አልፌ ቀጥ ብዬ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር። ስንት ዓመት ያልረገጥኩት ደጄ ነው፤ በእግሬ መሐል የሚያልፈው ዓሣ ብዛቱ፣ እግዚኦ። ከኋላዬ ጫጫታ ሰማሁ፤ ካልሶንግ ስሜን እየጠራ ይሮጣል። ከእትዬ ቅጠል አጠገብ፣ የኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ እንጨቴን በድንጋይ መትቼ አቆምኩት።

ዞሬ «ዓሣ ትቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው፤ ግን ተሰማ።

ካልሶንግ እውሃው ዳር ቆሞ ቀረ። ወደ አጎቱ ዞረ። አለቃ ታሪፖአ የእትዬን ጣት አዩ፤ ገና በአየር ላይ ነበረች። «ተተክሏል» አሉ።

ነጋዴው ምን ተባለ፣ ምን ሆነ እያለ ሲጠይቅ ማንም ደፍሮ አልተረጎመለትም፤ በመጨረሻ ካልሶንግ ራሱ ነገረውና ጀልባዋ ሄደች። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል። በዝናብ ቀን ጃንጥላ ዘርግተን እንዘምራለን፤ ካልሶንግ ለእናቱ ይይዝላታል፣ ለኔ ግን አይይዝልኝም። ይገባዋል፤ አልቀየመውም።

እኔ እየተንጠባጠብኩ ወጥቼ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው እትዬ ሌይታንጊ እጃቸውን ወደ ዓሣው የሰደዱት። ሥጋውን አልነኩትም፤ ጭንቅላቱን ገንጥለው አነሡ። መጀመሪያ ጉንጩን። ከዚያ ዐይኑን። ከንፈራቸው ጮኸ፤ መንደሩ በሙሉ ጸጥ ብሎ ያን ድምፅ ሰማ። ዕድሜያቸውን የረሱ ይመስሉ ነበር፤ ስቡ ባገጫቸው ይወርዳል፣ እንባቸውም አብሮ ይወርዳል፣ አንዱንም አይጠርጉም። ወንድሜ ይህችን ነገረኛ ሴት ለምን እንዳገባት ያን ቀን ገባኝ።

አጥንቱን ከመጠጡ በኋላ የሙዝ ቅጠሉን በሁለት እጃቸው አንሥተው እኔ ፊት አስጠጉት።

«አሽትት ዋርሳዬ» አሉኝ። «ማሽተት አልተከለከለም።»